እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ አምሽታችሁ ተኙ

እንቅልፍ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በጊዜ መተኛት ነው። «ትናንት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፤ ዛሬ በ3 ሰዓት ጋደም ልበል» ይላል። ቅዳሜ ደግሞ እስከ ረፋድ ይተኛል። ችግሩን የሚያጠናክረውም ይሄው ነው።

ጥናቶች ያገኙት ተቃራኒውን ነው። አልጋ ላይ የምትቆዩበት ሰዓት ሲያጥር እንቅልፉ ይጠብቃል፤ ሲረዝም ይሳሳል፣ ይቆራረጣል። ዘዴው የእንቅልፍ ገደብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 አርተር ስፒልማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አቅርቦታል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይቅደም ያለው ሕክምና ውስጥ አንዱ ክፍል ነው።

ብዙ ሰው ግን ይጀምርና ይተወዋል። አንዳንዱ ሳይመዘግብ ይጀምራል። አንዳንዱ በአራተኛው ቀን ሲደክመው ይደነግጣል። እኔ ሁለቴ ያቋረጥኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ሂዱ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቶቹ ግን በፈረንጆች።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ለእናንተ ይሆናል?

ይህ ዘዴ የሚሆነው እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለ3 ወር ያህል ለቆየበት ሰው ነው። ሐዘን ላይ ያለ፣ ፈተና የደረሰበት፣ ሕፃን የወለደች ሰው ትንሽ ይጠብቅ።

የሚከተሉት ካሉባችሁ ያለ ሐኪም አትጀምሩ፦

- የሚጥል በሽታ። እንቅልፍ ማነስ ያስነሳዋል።
- ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም። እንቅልፍ መቀነስ ወደ ከፍታው ስሜት ሊገፋ ይችላል።
- ከባድ ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቋረጠ መባነን። አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ፤ እናንተ አታውቁትም።
- በእንቅልፍ ልብ ተነስቶ መሄድ።
- እርግዝና፣ ወይም ሌሊት ሲነሱ የመውደቅ አደጋ ያለበት እርጅና።
- የመኖር ፍላጎት እስኪጠፋ የደረሰ ጭንቀት። እዚህ ላይ ሕክምናውን ነገ ሳይሆን ዛሬ ፈልጉ።

መኪና፣ ባጃጅ ወይም ከባድ ማሽን የምትነዱ፣ ከፍታ ላይ የምትሠሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ቀን ላይ ያንገላጁዋችኋል። ፈቃድ የምትወጡበትን ጊዜ ጠብቁ፣ አለዚያ ከሐኪም ጋር ሥሩት። ተረኛ ሆናችሁ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ይህ መመሪያ አይሠራላችሁም።

የእንቅልፍ ኪኒን እየወሰዳችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡት። አንዳንዱ በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው። ያዘዘላችሁን ሐኪም አማክሩ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ለሱሑር ሌሊት የምትነሱበት ረመዳን ላይ፣ ወይም በየሌሊቱ ማኅሌት በምትቆሙበት ሰሞን አትጀምሩ። ቋሚ 6 ሳምንት ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት መዝግቡ፤ ምንም አትቀይሩ

ደብተርና እስክሪብቶ አልጋው አጠገብ ሳይሆን ቁርስ የምትበሉበት ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት ከተነሳችሁ በኋላ እነዚህን ጻፉ፦

1. አልጋ ውስጥ የገባችሁበት ሰዓት።
2. እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ በግምት ስንት ደቂቃ ፈጀ።
3. ሌሊት ነቅታችሁ የቆያችሁበት ጊዜ፣ ሁሉም ተደምሮ።
4. ለመጨረሻ ጊዜ የነቃችሁበት ሰዓት።
5. ከአልጋ የወረዳችሁበት ሰዓት።

ግምት ይበቃል። ሌሊት ሰዓት እያያችሁ አትመዝግቡ። በ2007 በታተመ ሙከራ ለመተኛት እየሞከሩ ሰዓት እንዲከታተሉ የተደረጉ ሰዎች ከሌሎቹ ዘግይተው ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። ደግሞም ያልተኙበትን ጊዜ ከእውነተኛው አስረዝመው ገምተውታል።

ይሄኛው ነጥብ ያስገርማል። እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከሚሉት በላይ ተኝተው ይገኛሉ። ይዋሻሉ ማለት አይደለም። ቀላል እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ «ነቅቻለሁ» ብሎ ማሰብ ይቻላል። ስለዚህ «ምንም አልተኛሁም» ብላችሁ ዜሮ ከመጻፋችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። ሕልም አይታችኋል? መንጋቱ ቶሎ መጣባችሁ? እንግዲያው ትንሽም ቢሆን ተኝታችኋል።

*ከተበላሸ፦* አንድ ጠዋት መመዝገብ ከረሳችሁ ያንን ቀን ዝለሉትና አንድ ቀን ጨምሩ። በማግስቱ ከትዝታ አትሙሉት። በሳምንቱ መሐል ለቅሶ ቤት አድራችሁ ከሆነ ሳምንቱን እንደገና ጀምሩት።

ደረጃ 2፦ ስሌቱ

አልጋ ከገባችሁበት ለመጨረሻ ጊዜ እስከነቃችሁበት ካለው ጊዜ ላይ ሳትተኙ የቆያችሁበትን ቀንሱ፤ የቀረው የዚያ ሌሊት እንቅልፍ ነው። የሰባቱን ሌሊት እንቅልፍ ደምሩና ለ7 አካፍሉ። ለምሳሌ 5፣ 6፣ 4.5፣ 6.5፣ 5.5፣ 5 እና 6 ሰዓት ተኝታችሁ ከሆነ ድምሩ 38.5 ነው። አማካዩ 5.5 ሰዓት ይሆናል።

አሁን አልጋ ላይ የቆያችሁበትን ተመልከቱ። ከምሽቱ 3:30 ገብታችሁ ጠዋት 12:30 የምትወርዱ ከሆነ 9 ሰዓት ነው። ከ9 ሰዓት 5.5 ብቻ ተኛችሁ፤ 61 በመቶ። የቀረው ሦስት ሰዓት ተኩል መገላበጥ ነው።

በአማካዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 5.5 ሲደመር 0.5፣ ጠቅላላ 6 ሰዓት። አልጋ ላይ የሚፈቀድላችሁ ይህ ብቻ ነው።

ሐኪሞች አንዳንዴ እስከ 5 ሰዓት ይወርዳሉ። ለብቻችሁ ስትሠሩ ግን ከ6 ሰዓት አትውረዱ። ስሌቱ 4.5 ቢላችሁም 6 ያዙ። ጀግንነት እዚህ ቦታ የለውም።

ደረጃ 3፦ የመነሻ ሰዓቱን ቁረጡ

መጀመሪያ የሚወሰነው የመነሻው ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የመኝታ ሰዓት ይወስንና መነሻውን ለዕድል ይተዋል።

ከሰኞ እስከ እሑድ የምትችሉትን አንድ ሰዓት ምረጡ። ሰርቪስ 12:45 ላይ የሚያመልጣችሁ ከሆነ 12:00 ይሁን። እሑድ ለቅዳሴ በ11 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ ግን ሁሉንም ቀን 11 አድርጉት። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። መነሻ 12:00 ከሆነና 6 ሰዓት ከተፈቀደላችሁ የመኝታ ሰዓታችሁ ከሌሊቱ 6:00 ነው። ከዚያ በፊት አልጋው ላይ ቂጣችሁ እንኳ አያርፍም።

አዎ፣ እኩለ ሌሊት። «በ4 ሰዓት እየሞትኩ እንዴት?» ትላላችሁ። እንቅልፍን እንደ ረሃብ አስቡት። በ10 ሰዓት ሳምቡሳ የቆረጠመ ሰው ራት ቢቀርብለት ይነካካዋል እንጂ አይበላም። ቀኑን ሙሉ ነቅታችሁ ስትውሉ አንጎላችሁ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላችሁ በእሱ ነው። ሶፋ ላይ ሃያ ደቂቃ ሸለብ ስትሉ ያጠራቀማችሁትን ትበሉታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቤቱንና ጽዋውን አስተካክሉ

*ቡና።* «እኔን ቡና እንቅልፍ አይከለክለኝም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። በ2013 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሷል። ይህ ብዙ ስኒ ቡና ነው፤ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ስትቆጥሩት ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ካፌይን የሚሠራው ያንኑ አዴኖሲን መቀመጫ እየያዘበት ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በእርግዝና ወቅትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን በምትወስድ ሴት ደግሞ ይረዝማል።

ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ጎረቤት በ11 ሰዓት ከጠራችሁ ሂዱ። ፈንድሻውን ብሉ፣ ወሬውን አውሩ፣ ቡናውን አትጠጡ። ይቅርታ የምትጠይቁበትን ቃል አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲባል እናቶች ይሰማሉ። ሻይና ኮካም ካፌይን አላቸው።

ቡናን በአንድ ጊዜ አታቁሙ። ለቀናት ራስ ምታት ይለቅባችኋል። በየሁለት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሱ።

*ጫትና መጠጥ።* እየቃማችሁ ይህን ዘዴ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ምርቃናውን በጨብሲ መስበርም አይጠቅምም። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

*ወንበር።* ሌሊት ስትነሱ የምትቀመጡበት ቦታ ከወዲሁ ይዘጋጅ። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ከአልጋው ራቅ ያለ ወንበር ወይም ዱካ ይበቃል። ላዩ ላይ ጋቢ አስቀምጡ። ከሁሉም የሚረሳው ጋቢው ነው፤ ሐምሌ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ከብርድ ልብስ የሚያስወጣ ወኔ የለም። ደብዛዛ መብራትና የሚሰለች ንባብ ጨምሩ።

*ሰዓት።* የግድግዳውን ሰዓት አዙሩት። ስልኩን ለማንቂያ ሙሉትና ከአልጋው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጠዋት ለማጥፋት መቆም አለባችሁ።

*አብሯችሁ የሚተኛ ሰው።* ቀድማችሁ ንገሩት። ሌሊት ስትነሱ «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» ብሎ መብራት ካበራ ሁለታችሁም ነቃችሁ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ማታ

አርብ ጀምሩ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሌላችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች በዚያ ላይ ያልፋሉ።

ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ወጥመድ ነው። ሶፋ ላይ አትጋደሙ። ቆማችሁ የምትሠሩት ሥራ ያዙ፦ ልብስ ማጠፍ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ የነገን ምሳ ማዘጋጀት። ቴሌቪዥን ካያችሁ ጀርባ በሌለው ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩ።

በ4:30 አካባቢ እግራችሁን በሞቀ ውሃ ታጠቡ። የድሮ ልማድ ነው፤ ጥናትም ደግፎታል። በ2019 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት በሞቀ ውሃ ገላን ወይም እግርን መታጠብ እንቅልፍ ቶሎ እንዲመጣ ይረዳል ብለዋል። ውሃው ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 10 ደቂቃ ያህል። እጅን ስታስገቡት ሞቅ የሚል እንጂ የማያቃጥል ማለት ነው። ሙቀቱ ደምን ወደ ቆዳ ይስባል፤ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፤ ሰውነት ለመተኛት የሚፈልገውም ያንን ነው። መኝታ ሰዓት ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ የሚታጠቡት ለዚህ ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ውሃውን በእግር አትለኩ፤ እግራችሁ ሙቀት ላይሰማው ይችላል።

5:30 ላይ ወረቀት አውጡ። ነገ የምትሠሩትን ለ5 ደቂቃ ጻፉ። በዝርዝር ይሁን፦ «ቤት ኪራይ መክፈል፣ ለእማማ መደወል፣ ፋይሉን ለአለቃዬ መላክ»። በ2018 ከቴክሳሱ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት የነገ ሥራቸውን የጻፉ ወጣቶች ያለቀ ሥራቸውን ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ሰው «ስላጠናቀቅኩት ነገር ብጽፍ ይቀለኛል» ብሎ ነው የሚያስበው። የሚያነቃን ግን ያልተሠራው ነው።

6:00፦ አልጋ። እንቅልፍ ካልመጣ ግን ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ አትግቡ። ዓይናችሁ እስኪከብድ ወንበሩ ላይ ቆዩ።

ደረጃ 6፦ እንቅልፍ ካልመጣ ውረዱ

ከጠቅላላው መመሪያ ከባዱ ይሄ ነው።

አልጋ ከገባችሁ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ያለፈ ሲመስላችሁ ውረዱ። «ያህል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሰዓት አታዩም። መናደድ፣ መገላበጥ፣ ሒሳብ መሥራት ስትጀምሩ ደርሷል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ሂዱ። ጋቢውን ልበሱ። አንብቡ፣ ዳዊት ድገሙ፣ ዚክር አድርጉ፣ ቀስ ያለ ነገር ስሙ። ስልክ አትክፈቱ። ቲክቶክ ላይ አንድ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም።

ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ። ካልመጣ እንደገና ውረዱ። የመጀመሪያው ሌሊት አምስት ጊዜ ልትመላለሱ ትችላላችሁ። ሌሊት ስትነቁም ሕጉ ያው ነው።

ለምን? ሪቻርድ ቡትዚን ይህን ዘዴ በ1972 ሲያቀርብ የተነሳው ከልማድ ነው። አልጋ ላይ ለወራት ስትጨነቁ ከቆያችሁ አልጋው ራሱ የጭንቀት ደወል ይሆናል። ሳሎን እያንቀላፋችሁ መጥታችሁ ትራስ ስትነኩ ዓይናችሁ ፍጥጥ የሚለው ለዚህ ነው። አልጋውን ለእንቅልፍና ለትዳር ብቻ ተዉት። መብላት፣ ማጥናት፣ ቪዲዮ ማየት፣ መጣላት ሌላ ቦታ ነው።

*መነሳት ካልቻላችሁ፦* ታማችሁ፣ ወይም ከልጆች ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ከሆነ ቁጭ በሉ። ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ዓይናችሁን ክፍት አድርጉና እንዳይዘጋ ታገሉ። ይህም ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ለመተኛት መታገል ያነቃል፤ ላለመተኛት ስትታገሉ ትግሉ ራሱ ይረግባል።

ደረጃ 7፦ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን

ይብስባችኋል። መበላሸቱ አይደለም፤ ዘዴው እየሠራ ነው። ቀን ላይ ጭንቅላት ይከብዳል፣ ቁጣ ይቀርባል፣ ጣፋጭ ያምራል። በዚህ ሳምንት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ስለ ገንዘብ አታውሩ።

የቀን እንቅልፍ የለም። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፦ መንዳት ካለባችሁና ዓይናችሁ ከተጨፈነ መኪናውን አቁሙና ተኙ። ከዚያ ያንን ቀን ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ሕይወት ከመመሪያው ይበልጣል።

ጠዋት እንደተነሳችሁ ውጡ። ፀሐይ ለግማሽ ሰዓት ይንካችሁ። ወደ ታክሲ ፌርማታ በእግር መሄድ ይበቃል። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ስካንዲኔቪያ ወይም ካናዳ ያላችሁ ክረምት ላይ ፀሐይ ካጣችሁ ቤቱን ሁሉ በመብራት አድምቁት።

ደረጃ 8፦ በየሳምንቱ ማስተካከል

ደብተሩ እንደቀጠለ ነው። በሰባተኛው ቀን የተኛችሁበትን አማካይ አልጋ ላይ ለቆያችሁበት አካፍሉና በ100 አባዙ።

- 85 በመቶና ከዚያ በላይ፦ 15 ደቂቃ ጨምሩ። የምትጨምሩት ማታ ላይ ነው፤ መነሻው አይነካም። ከ360 ደቂቃ 310 ከተኛችሁ 86 በመቶ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት በ5:45 ትገባላችሁ።
- ከ80 እስከ 85፦ ባለበት ይቀጥል።
- ከ80 በታች፦ 15 ደቂቃ ቀንሱ። 6 ሰዓት ላይ ከሆናችሁ ግን አትቀንሱ፤ ደረጃ 6ን በትክክል እየሠራችሁ መሆኑን ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

ጥሩ ሳምንት ስታገኙ አንድ ሰዓት ባንድ ጊዜ ለመጨመር ያምራችኋል። አንድ ወዳጄ በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ አድርጎ ወደ ጀመረበት ተመለሰ። ሩብ ሰዓት በሳምንት፣ በቃ።

መጨመሩን የምታቆሙት ቀን ላይ ድካም ሲጠፋ ነው። ለአንዱ 6 ሰዓት ከ45፣ ለሌላው 7 ሰዓት ከግማሽ ይሆናል። 8 ሰዓት ካልሞላሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ደግሞ ጨምራችሁ መቆራረጡ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ውረዱ፤ ልካችሁ ያ ነበር።

በተደጋጋሚ የሚበላሹ ነገሮች

*በ3 ሰዓት ሶፋ ላይ ተኝቼ በ5 ነቃሁ።* የዚያ ቀን የመኝታ ሰዓት አይቀየርም። በ6 ግቡ። በሚቀጥለው ቀን በዚያ ሰዓት ቆማችሁ የምትሠሩት ሥራ ይኑራችሁ።

*ሰርግ ነበር፤ በ9 ሰዓት ገባሁ።* መነሻው 12:00 ነው። ከባድ ቀን ትውላላችሁ፤ ማታው ግን ቀላል ይሆናል። መንዳት ግን የለም።

*የሰፈሩ ውሻ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር።* የጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ አለ። ጥጥም ከምንም ይሻላል። ያንን ሌሊት ደብተሩ ላይ «ጫጫታ» ብላችሁ ጻፉና ከስሌቱ አውጡት።

*ሁለት ሳምንት ተኝቼ አንድ ሌሊት ነቅቼ አደርኩ።* በማግስቱ በጊዜ አትግቡ፣ ቀን አትተኙ፣ ምንም አታካክሱ። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከሆነ ብቻ የደረጃ 2ን ስሌት እንደገና ሥሩ።

*ስድስት ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ የለም።* ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ እግርን የሚያንቀዠቅዥ ሕመም፣ የትንፋሽ መቋረጥ ሊኖር ይችላል። «እንቅልፍ የለኝም» ከማለት ይልቅ የስድስት ሳምንት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።